ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ደረጃ

ኒባልዶ ሱቁን የሚከፍተው ጭጋጉ ከወደቡ ሲነሣ ነው፤
እኔ ግን ቀድሜ ደርሻለሁ፣ መዝጊያውን በክርኔ ተደግፌው።
በቦርሳዬ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ፦
አንዱ የሩፔርቶ የሥራ ሱሪ፣ እንደ ቆዳ የሚደርቅ፣
አንዱ አንሶላ፣ መካከሉ ሳስቶ ለመቀደድ ሰበብ የሚጠብቅ፣
ሦስተኛው የሹራብ እጅጌ፣ ቢስቡት ቢስቡት የማያልቅ።

«ሰው ገንዘብ ይዞ ይመጣል» አለኝ ኒባልዶ እየሣቀ፤
«እኔ ምስክር ይዤ መጣሁ፤ እነሱ የመሰከሩለት ጸደቀ።»

አሮጌዋ ሞታለች። ጥቁር ብረት ነበረች፣ ባለ ፔዳል፤
አርባ ዓመት ነዳኋት፤ ጥርሷ ወለቀ፤ ጠጋኙ «አበቃላት» ይላል።
ምራቴ ያስና ከስልኳ ላይ አንዲቷን መርጣልኛለች፦
«ሁለት መቶ ዓይነት ስፌት! ስም ትጽፋለች! አበባ ትስላለች!»

ኒባልዶም ያችኑ አመጣት፤ እንደ ሙሽራ ነጭ፣ መስታወት ያላት፤
አንዴ በጣቱ ቢነካት ፊቷን ሰማያዊ ብርሃን ሞላት።
ከዚያ እኔ ሳልረግጣት፣ ማንም ሳይገፋት፣
ጽጌረዳ ሰፋች።
ምን እዋሻለሁ፣ ልቤ ደነገጠላት።
በአውራ ጣቴ ዳበስኩት፤ አንድ ቅጠል እንኳ አልጎደለም፤
በዚህ ዕድሜዬ ጽጌረዳ የሰጠኝ የለም።

ግን መጋረጃው ረዝሞ ወለል ሲጠርግ፣
ትራስ ሲተረተር፣ ኪስ ሳንቲም ሲያፈስ፣ ጽጌረዳ ምን ሊያደርግ?
ስንት ስፌት ይበቃሻል በሉኝ፦ ሁለት።
አንዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ አንዱ እንደ ሰፈሬ መንገድ ዚግዛግ፤
ሦስተኛ ካስፈለገ ለቁልፍ ቀዳዳ፣ እሱም በዓመት አንዴ ቢፈለግ።

«አንሥተህ አሳየኝ» አልኩት።
«ምኗን?»
«ክብደቷን ነዋ!»
ቫልፓራይሶ ሰው ወደ ቤቱ አይገባም፣ ይወጣል እንጂ፤
ሽቅብ የሚጎትተን አሳንሰር ከቆመ ሁለት ክረምት አለፈው፤
ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ደረጃ፤ የቆጠርኩት በጉልበቴ ነው።

ኒባልዶ ጎንበስ ብሎ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት አወጣ፣
ዋጋዋ በእርሳስ የተጻፈባት፣ አቧራ የለበሰች።
«ይቺን ማንም አይጠይቃትም፤ ስድስት ኪሎ ናት፤
ውስጧ ብረት፣ ልብሷ ፕላስቲክ፤ አንድ መዘውር፣ አንድ መብራት።»

ሱሪውን አራት አጥፌ ከእግሯ ሥር አስገባሁ።
ረገጥኩ። አጉረመረመች። ቆመች።
ኒባልዶ ትንፋሹን ዋጠ።
መዘውሩን በእጄ ትንሽ ባግዛት፣
ጧ፣ ጧ፣ ጧ፣ ወጣችው፣ እንደ ሽማግሌ አቀበት።
አንሶላውን አልነከሰችም። ሹራቡ ላይ ግን ዘለለች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ሳትይዝ አለፈች።
«መርፌው ነው፣ መርፌው!» አለ ፈጥኖ፤
ጫፉ ዶልዶም ባለ ለወጠላት። ያዘች።

የታችኛው ክር በብርጭቆ ክዳን ሥር ቁጭ ብሎ ይታያል፤
ግራ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ቢሆንም ያን ያህል ያያል።
በአሮጌዋ ክር ማለቁን የማውቀው
አንድ ክንድ ሙሉ ባዶ ከሰፋሁ በኋላ ነው።

«ዋስትናውስ?»
«ከፋብሪካው ሁለት ዓመት፤ ከእኔ፣ እስካለሁ ድረስ።»
ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። «እንግዲያው ዋጋ ቀንስ።»

በሰባኛው ደረጃ አረፍኩ፤ በመቶ ሠላሳኛው ተቀመጥኩ፤
አንድ ቡችላ አጠገቤ መጣ፤ ሣጥኑን አሸተተ፣ ንቆ ሄደ።
ያስና በመስኮት «የቷ ናት?» ብላ ጮኸች ከላይ፤
«አበባ የማታውቀዋ! ወርደሽ አትቀበይኝም ወይ?»

መርፌ ሰው አልብሳ ራሷ ዕርቃኗን ትቀራለች ይባላል።
ስለዚህ የመጀመሪያው ስፌት የራሷ ልብስ ይሁን አልኩ፤
ከድሮ መጋረጃ ቀደድኩ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፣ ዘመዘምኩ።
በቀኝ በኩል ጠመመ። እሷስ ቀጥ ብላ ሄዳ ነበር፤
እኔ ነኝ ቀና ያልኩት፣ መርከብ ሲጮኽ ከባሕር።